ዝሆኖቹን ማን ይግደላቸው?

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በሆዱ ደስ ያለው ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን ማየት ይበቃችኋል። ስሜን አልነግራችሁም። የሰፈሬ ሰው ይህን ካነበበ መቼም ያውቀኛል፤ የሌላ ሰፈር ሰው ቢያውቀኝ ደግሞ ምን ይረባዋል። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ የምኖር፣ አርባ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል የማወጣና የማስገባ ወንደላጤ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስሜን መደበቄ ሞኝነት መሆኑ አሁን ገባኝ፤ ይሁን።

አመሌ ታሪክ ነው። አንዱ ኳስ ይወዳል፣ አንዱ ቅጠል ይወዳል፤ እኔ ከሞቱ ሺህ ዓመት ያለፋቸውን መንግሥታት እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ስለ ጥንት ጦርነት የሚተርክ ቪዲዮ ካልከፈትኩ ምሳ አይወርድልኝም። ቤቴ ደግሞ ባትሪው የሞተ፣ ካልተሰካ የማይነሣ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ እሱ ላይ ንጉሠ ነገሥት ነኝ። ግዛት አሰፋለሁ፣ ግብር እቀንሳለሁ፣ መንገድ አስጠርጋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ከነሠራዊቴ እጠፋለሁ። በጨዋታው ውስጥ ሦስት አማካሪዎች አሉኝ። ላፕቶፑ ሲበራ ሦስቱም ጎንበስ ብለው «እንኳን ደህና መጡ፣ ግርማዊ ሆይ» ይሉኛል። (የሚሉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።) ሳምንቱን ሙሉ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለኝ ሌላ ሰው እንደሌለ የገባኝ አንድ እሑድ ነው። ያን ለት ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ አበራሁት።

መጻሕፍትም አሉኝ። ስለ ሮም የሚያወራውን ትልቁን መጽሐፍ ያገኘሁት ቀፊራ ገበያ፣ ቅመም ከምትሸጥ ሴት እጅ ነው። ገጹን እየገነጠለች በርበሬ ትጠቀልልበት ነበር። ስደርስ የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች በየሰዉ ቤት ከበርበሬ ጋር ገብተዋል። ስለዚህ ሮም እንዴት እንደተነሣች አላውቅም፤ እንዴት እንደወደቀች ግን በቃሌ ነው። ገጾቹን በገለጥኩ ቁጥር ዛሬም ያስነጥሰኛል።

ችግሩ የማወራው ሰው አለማግኘቴ ነው። መሥሪያ ቤት ለአለቃዬ ስለ ሮማውያን የመንገድ ሥራ ስጀምር ስልኳ ይጠራል፤ ባይጠራም ታነሣዋለች። በቪዲዮዎቹ ግርጌ አስተያየት ከሚጽፉ ሰዎች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ታሪክ የሚያበላሽ ሰው አልወድም፤ አንድ ሰው የዘመቻውን ወር አሳስቶ ቢጽፍ ምሳዬን ትቼ አርመዋለሁ። አንዱ ለዓመት ያህል ሲሳደበኝ ቆየና ድንገት ጠፋ። ናፈቀኝ። የሚሰድበኝን ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ብዬ ጽፌለታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰም።

አንድ ማለዳ የእድራችን ጡሩምባ ጮኸ። የሞቱት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ከኔ ሦስት በር ርቀው የሚኖሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ስምንት ዓመት ሙሉ «ደህና ዋልክ»፣ «ደህና» ስንባባል ኖረናል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ሰው ከቀበርኩ በኋላ ማዘን ያለብኝን ያህል ማዘን አቃተኝና አፈርኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ድንኳኑ ገባሁ። ድሬ ከሙቀቷ የተነሣ የቀትር እረፍታችን ረጅም ነው፤ ለብቸኛ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይረዝማል። ወንዶቹ ባንዱ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ የሟቹን ባለቤት እትዬ ዘነቡን ከበው ተቀምጠዋል፤ ልጇ አዲስ አበባ አራስ ሆና ለቀብር አልደረሰችም። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ ቃልም አልተነፈሰችም እየተባለ በሹክሹክታ ይወራል። («አልቀመሰችም» ማለቴን ደጋ ያላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ድሬ ላይ ሰው አንቱ ካሉት የተኮረፈ ይመስለዋል።) እኔም ከሸራው በኩል ባለው ጆሮዬ ገመድ አልባውን ማዳመጫ ሰክቼ፣ ፊቴን የሐዘንተኛ አድርጌ፣ ቪዲዮዬን እሰማለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የካርቴጅ የጦር አለቃ ሮምን ሊወጋ ዝሆኖች አስከትሎ የአልፕስን ተራራ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደርሼ ስለነበር ነው።

የማዳመጫው ባትሪ አለቀ። ድምፁ ወደ ስልኩ ዞረ። ድንኳኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከኪሴ ውስጥ ዝሆን ጮኸ።

እንዲያው ጮኸ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርታ የሚያድለው ሰው ካርታውን በተነው። አንዲት ሴት አማተበች፣ አጠገቧ ያለችው «አዑዙ ቢላህ» አለች። እኔ ኪሴን ስደበድብ ዝሆኑ እንደገና ጮኸ። በመጨረሻ ስልኩን አግኝቼ አፈንኩት፤ ሁሉም ሰው ግን እኔን ያያል።

«ምንድነው እሱ?» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ። እትዬ ዘነቡ ነበረች።

«ዝሆን ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

«ተራራ እየወጣ ነው፣ እትዬ።»

«ዝሆን ተራራ ላይ ምን ሊሠራ?»

ሁለት ቀን ያልተናገረች ሴት ጥያቄ ጠይቃለችና ሴቶቹ ሁሉ «መልስላት እንጂ» በሚል ዓይን አፈጠጡብኝ። መለስኩላት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ካርቴጅ የጠየቀኝ ሰው ተገኝቷልና ከባሕሩ ማዶ ጀመርኩ። ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ ዝሆኖቹ፣ ትልቁን ወንዝ እንዴት እንደተሻገሩ ተረክሁ። «ዝሆኖቹ ውኃ ስለፈሩ ጣውላ አንሳፈፉና ላዩ ላይ አፈር ደለደሉበት። መሬት መስሏቸው ወጡ።»

«አቦ፣ ይሄ ውሸት ነው» አለ አብዶሽ። አብዶሽ ከባቢሌ ለውዝ እያመጣ ቀፊራ የሚያከፋፍል ጎረቤታችን ነው። «የባቢሌ ዝሆን እንዲህ አይሸወድም ወላሂ። የኛ ዝሆን መጀመሪያ በአንድ እግሩ ይሞክረዋል። ካልጣመው ጥሎህ ይሄዳል።»

«እነዚህ የውጭ ዝሆኖች ናቸዋ» አለ ካርታ አዳዩ።

«ከአፍሪካ ነው የመጡት» አልኩ።

«ኧረ? ታዲያ ከኛ ጋር ዘመድ ናቸው» አለ አብዶሽ፤ ከዚያ ወዲያ ወገንተኛ ሆነ። ካርታው ተረሳ። አግዳሚዎቹ እየተጎተቱ ወደ እኔ ቀረቡ። ተራራው ላይ በረዶ እንዳለ ስነግራቸው «በረዶ ስትል ጁስ ቤት ያለው ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መሬቱ ሁሉ በዚያ ተሸፍኗል ብዬ ባስረዳ፣ ሙቀት አግኝቶት የማያውቅ ቦታ መኖሩን ሰምታ አንዲት ሴት «ታድለው» አለች። እትዬ ዘነቡ ግን «ባዶ እግራቸውን?» ብላ ጠየቀች። ደስታዬን ለመደበቅ አንገቴን ደፋሁ። ሰዎቹ ሐዘን መሰላቸውና ውኃ አቀበሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ፤ ሌላ ሰፈር ሰው ሞቷል። እኔ ግን በትረካዬ ጠባቡ ገደል ላይ ነበርኩ። «አንዴ ይለፉ» ብሎ አብዶሽ ምሰሶውን ያዘ። የእድሩ ሰብሳቢ «ማን ነው የሚያልፈው?» ቢል «ዝሆኖቹ» ተባለ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀና ሸራውን ከላያችን ላይ ገፈፈው። ፀሐይ አናታችን ላይ እየነደደ ስለ በረዶ ተረክሁ። ማንም አልተነሣም። የምሳ ሰዓቴ ሲያልቅ እትዬ ዘነቡ «ነገ በምሳ ሰዓት ቤት ና» አለችኝ። «እነዚያ ሚስኪኖች ገደል ላይ ቆመው አይቅሩ።»

በማግስቱ ስሄድ ምሳ ቀርቦ ነበር። እሷ አልበላም አለች። እኔም የሐዘን ቤት ምሳ ባለቤቷ ሳትቆርስ አልበላም ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። እንግዳ ጦሙን ሊወጣ ነው፤ ይህ ደግሞ በእሷ ቤት ሆኖ አያውቅም። አንድ ጉርሻ ቆረሰች። ከዚያ ሌላ። ጎረቤቶቿ ከበሩ ጀርባ ሆነው በእጃቸው «ቀጥል፣ ቀጥል» ይሉኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ተለየ፤ ዝሆኖቹ ሲራመዱ እሷ ትበላለች፣ ዝሆኖቹ ሲቆሙ እጇ ይቆማል።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ታሪክ ወዳጅ የሆናችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። እውነተኛው የተራራ ጉዞ አሥራ አምስት ቀን ገደማ ነው የፈጀው። ተራራውን ከወረዱ በኋላ በመጣው ብርድ ደግሞ ዝሆኖቹ አንድ ሲቀር ሁሉም አልቀዋል። ይህን አውቃለሁ። መጽሐፉም ይላል፣ ቪዲዮውም ይላል። አሥራ አምስተኛው ቀን ሲደርስ ምሳ ላይ ተቀምጬ «ከዚያማ ብርዱ...» ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ዘነቡ የያዘችውን ጉርሻ ሰሐኑ ላይ መልሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ባሏን ከቀበረች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላትም። «ብርዱ ቀለል አለ» አልኩ። ጉርሻው ወደ አፏ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሬ ሁሉ ተበላሸ። ብርድ ልብስ አለበስኳቸው። ምን ይበላሉ ስትል መንደር አገኘሁላቸው፤ የመንደሩ ሰውም ድርቆሽ አወጣላቸው። አንዱ እግሩን ስለታመመ ሦስት ቀን አሳረፍኳቸው። አብዶሽ ሲያልፍ ሲያገድም ብቅ ይልና «ለውዝ ስጣቸው እንጂ» እያለ አንድ እፍኝ ጠረጴዛው ላይ ይተዋል፤ ለዝሆኖቹ ብሎ ያመጣውን እኔ እበላዋለሁ። ሌላው ሰው በየሥራው ተበታትኖ ቀረ፤ ይኸው የሐዘን ቤት ወጉ ነው፣ ሰውም ምን ያድርግ። በመጨረሻ እኔና እትዬ ዘነቡ ብቻችንን ቀረን። ላፕቶፔ አቧራ ጠጣ። አማካሪዎቼ ምን እንደነካቸው አላውቅም። ውሸቴ የማያስተኛኝ ቢሆንም ነገ ምሳ የምበላበት ቤት እንዳለኝ አውቄ ነው የምተኛው፤ ዝሆኖቹ ከሞቱ ግን ምሳውም ያበቃል ብዬ ፈራሁ።

በዚህ መሀል ነው መምህር ግርማ የመጡት። ከደሴ መጥተው ሃያ ዓመት ድሬ ቢኖሩም አንቱታቸውን ያልጣሉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ዘንድ ከርመው መመለሳቸው ስለነበር ዘግይተው ለቅሶ ሊደርሱ ነው። ለምሳ ቁጭ አሉ። እትዬ ዘነቡ ልታጫውታቸው ብላ «ይሄ ልጅ የካርቴጅ ዝሆኖችን ታሪክ እየነገረኝ ነው» አለቻቸው።

ፊታቸው በራ። «የአልፕሱን? እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ነው ያስተማርኩት!»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። በዚህ ከተማ ስለ ካርቴጅ የሚያውቅ አንድ ሰው ፍለጋ ስንት ዓመት ዞሬያለሁ። ሰውየው ይኸው፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ሽሮ እየበላ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ባለቅስ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «የሚያሳዝነው፣ እነዚያ ዝሆኖች—»

እግራቸውን ረገጥኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። «ምን ልል ነበር... አዎ፣ ዝሆኖቹ በብር—»

ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ጉርሻ እምቢ አይባልም። አላምጠው ሲውጡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሳላስበው የጉንጭ መጠን አልፌ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርዱ እንግዲህ—»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ መምህር» አልኩና ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። ለሦስተኛው ምክንያት አልፈለግኩም። አራተኛው ላይ እትዬ ዘነቡ «ኧረ ሰውዬውን እንዳትገድላቸው» አለች። መምህር ግርማ ታሪኩን ትተው ውኃ ጠየቁ።

ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። «እርስዎ ታሪኩን ያውቁታል?» አሉኝ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ያጣምሙታል?»

«እነሱ ከሞቱ አትበላም» አልኩ።

መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ወንድሜ፣ ያዘነ ሰው ይበላ ዘንድ ታሪክ አይለወጥም። ያን ጊዜ ታሪክ መሆኑ ይቀራል። የኔ ተማሪ ቢሆኑ ዜሮ ነው የምሰጥዎ።» ባርኔጣቸውን ጫኑና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ትክክል ናቸው። እኔም በሌላ ሰው ላይ ስንት ጊዜ እንዲያ ብዬ ጽፌያለሁ። ተከትዬ ሮጬ ስለ ሮም አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አልሮጥኩም፤ ከፋኝ።

አርባው ደረሰ። ተዝካሩ ወጣ፣ ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት የሚመላለስ ሰው ምክንያት የለውም። እኔ ግን በማግስቱ በምሳ ሰዓት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። በሩ ላይ ስቆም ምን ብዬ እንደምገባ ጠፋኝ። እትዬ ዘነቡ «ምን ቆመህ ታያለህ፣ ግባ እንጂ» አለችኝ። ምሳው ቀርቧል። ሁለት ሰሐን።

«ዛሬማ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ቁልቁለቱን ወርደው ሜዳው ላይ...»

«ሞተዋል አይደል?» አለች።

የቆረስኩትን ሰሐኑ ላይ መለስኩ።

«የአዲስ አበባዋን ልጄን ጠይቄያት ስልኳ ላይ አይታ ነግራኛለች። አንድ ሲቀር ሁሉም አልቀዋል አለችኝ።»

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ድንኳኑ የፈረሰ ለት ነዋ፤ ማታውኑ።»

ይህን ሁሉ ቀን ያለበስኳቸው ብርድ ልብስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታወሰኝና ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አንቺ እንድትበዪ ብዬ እኮ ነው እኔ ያን ሁሉ የዋሸሁት።»

«እኔ እንኳ እያለቀስኩም ቢሆን እበላ ነበር፤ ሐዘን አብሬው የምኖረው ነገር ነው።» ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ታደሰ በሕይወት እያለ 'ይሄ ልጅ ሰው የለውም፣ አንድ ቀን ምሳ እንጥራው' ይለኝ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልን ሳንጠራህ ሞተ። ያን ለት ድንኳኑ ውስጥ ስታወራ ፊትህን አየሁት። ዝሆኖቹ ከሞቱ ይሄ ሰው ነገ ምን ብሎ ይመጣል? አልኩ። ሰው ከሚሞት ዝሆን ይኑር ብዬ ተውኩህ።»

አንድ ጉርሻ ቆረስኩ። «አሁን በደንብ ንገረኝ» አለች፤ «እንዴት እንደሞቱ። እውነቱን።»

ነገርኳት። ስለ ውርጩ፣ ስለ ርኃቡ፣ አንድ በአንድ መውደቃቸውን ነገርኳት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ስደርስ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለሞቱ ዝሆኖች፣ ለጋሽ ታደሰ፣ ለስምንት ዓመት «ደህና ዋልክ»፣ ለሁሉም በአንድ ላይ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ዘነቡም አገዘችኝ፤ እሷ ልምዱ አላት። ጩኸታችን አጥር ዘለለ መሰለኝ፣ የሰፈሩ ሰው ግር ብሎ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ሽርጡን እየሰበሰበ ግቢውን ሞላው። አንዲት ሴት ገና በሩ ላይ ሆና ደረቷን መታች።

ከፊት አብዶሽ ነበር። «ማን ሞተ?» አለ እያለከለከ።

እትዬ ዘነቡ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ዝሆኖቹ» አለችው።

አብዶሽ እኔን አየ፣ እሷን አየ። «ሁሉም?»

«አንድ ቀርቷል» አልኩ።

ኮፍያውን አወለቀና አጠገቤ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንዴ ለለቅሶ ከመጡ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡና ተቀመጡ።